ቀይ ክር የታሰረባት ቲማቲም

እኛ ጓሮ ውስጥ ለዘር ተመርጦ ቀይ ክር የታሰረበትን ተክል የነካ ሰው ወዮለት። ልጆቼ ያውቃሉ፤ ባለቤቴም ያውቃል። የማያውቁት እንግዶች ናቸው። ባለፈው ጥር የባለቤቴ ወንድም ሊጠይቀን መጣ። ቁርስ እስኪቀርብ ጓሮ ዞር ዞር ሲል፣ ሳምንታት ስጠብቃት የነበረችውን ደም የመሰለች ቲማቲም ቀጠፋትና በጨው በላት። «በናትሽ እንዴት ትጣፍጣለች!» አለኝ። ምን እላለሁ? እንግዳ ነው። ሌላ ፍሬ እስኪበስል ጠበቅኩ።

የምንኖረው አዳማ ነው። ጓሯችን አራት ሜትር በስድስት ቢሆን ነው። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ የሐበሻ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቦሎቄ፣ አጥሩ ላይ ደግሞ ዱባ አለን። ከራሴ ጓሮ ዘር መያዝ የጀመርኩት በ2011 ዓ.ም. በንዴት ነው። ከአንድ ሱቅ የሽንኩርት ዘር ገዝቼ መደቡን ሳጠጣ ከረምኩ። የበቀለው በጣት የሚቆጠር ነበር። ማሸጊያውን ገልብጬ ሳየው ቀኑ ካለፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። «ሁለተኛ ዘር አልገዛም!» ብዬ ማልኩ። መሐላዬ ሙሉ በሙሉ አልያዘም፤ አሁንም የምገዛው አለ። አብዛኛውን ግን የማገኘው እዚያችው ጓሮ ውስጥ ነው። እዚህ ለመድረስ ስንት ዘር እንዳበላሸሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

የመጀመሪያው ዓመት ጥፋቴ ብዙ ሰው የሚያጠፋው ይመስለኛል። ምርጥ ምርጡን በላነው። ትልልቁ፣ ቀድሞ የደረሰው፣ ሁሉም ወጥ ውስጥ ገባ። ማብቂያው ላይ፣ ቅጠላቸው የተጨማደደ ግንዶች ላይ የቀሩትን የኮሰመኑ ፍሬዎች ሰብስቤ «እነዚህ ለዘር ይሁኑ» አልኩ። በሚቀጥለው ዓመት የበቀለው ቁርጥ እናቱን ነበር። ዘግይቶ ያፈራል፣ ፍሬው ትንንሽ ነው፣ ቅጠሉም ቶሎ ይታመማል።

እናቴ ምንጃር ተወልዳ ያደገች ናት። ለፋሲካ መጥታ መደቡን ስታይ ከንፈሯን መጠጠች። «ልጄ፣ ከድስት የተረፈ ለዘር ይሆናል እንዴ? ዘር መጀመሪያ ይወጣል፤ የቀረው ይበላል» አለችኝ። አባቷ ስንዴው ሳይታጨድ በፊት ማሳው ውስጥ ገብተው፣ ዛላው የሞላውን፣ አገዳው ያልወደቀውን እየመረጡ ለብቻ ይቆርጡ እንደነበር አጫወተችኝ። ያንን ቁና ማንም አይነካውም፤ ክረምት ቢከፋም አይፈጭም። ቀይ ክሩ የእሷ ሐሳብ ነው። ከመርፌ ሣጥኔ ውስጥ ራሷ አውጥታ ነው ያሰረችልኝ።

ክሩ የሚታሰረው ግንዱ ላይ ነው። አንዲት ትልቅ ቲማቲም ከሰነፍ ግንድ ላይም ትገኛለች። አጠገቧ ያሉት ፍሬዎች ረግፈው ምግቡ ሁሉ ለእሷ ደርሷት ይሆናል። ዘሩ የሚወርሰው ግን የተክሉን ጠባይ ነው። ስለዚህ ከአበባው ጀምሬ አያለሁ። ቀድሞ ያፈራው የቱ ነው? ሙቀቱ ሲበረታ አበባውን ያላረገፈው የቱ ነው? በሽታ ሲገባ ቅጠሉ ደህና የቆየው የቱ ነው? ከአንዱ ብቻ አልወስድም፤ ከሦስት አራቱ እቀላቅላለሁ። ሰላጣ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ቀድሞ አበባ ያወጣውን ሰላጣ ለዘር ከያዛችሁ፣ ልጆቹም ቅጠል ሳትቀምሱ አበባ የሚያወጡ ይሆናሉ። ሰላጣ ላይ ክር የሚያገኘው መጨረሻ ያበበው ነው።

ክር ከማሰራችሁ በፊት ግን የገዛችሁትን እሽግ አንብቡ። «ሃይብሪድ» ወይም «ኤፍ 1» የሚል ካለበት ልፋቱ ይቅርባችሁ። እንዲህ ያለው ዘር ሁለት የተለያዩ ወላጆች ተዳቅለው የተገኘ የመጀመሪያ ትውልድ ነው። ከእሱ የለቀማችሁት ይበቅላል፤ ግን አንዱ ወደ አያቱ፣ አንዱ ወደ አክስቱ ይሄዳል። ከኛ ወጣ ብሎ በአሰላ መንገድ ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው «መልካ ሾላ» ቲማቲምና «አዳማ ሬድ» ሽንኩርት ሃይብሪድ አይደሉም። «ማረቆ ፋና» በርበሬም እንዲሁ። የእነዚህን ዘር ከዓመት ዓመት ማቆየት ይቻላል። የእኔ ቲማቲም መልካ ሾላ ነው።

የቃሪያውን ጉድ ልንገራችሁ። በ2013 ቃሪያና ሚጥሚጣ ጎን ለጎን ተከልኩ። ቃሪያው ለስንግ የሚሆን፣ ወፍራም፣ ብዙ የማያቃጥል ዓይነት ነበር። የተወሰነውን እስኪቀላ ትቼ ዘሩን ያዝኩ። በዓመቱ የበቀለው መልኩ ያው ነው፤ ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ የሚያምር። እንግዳ ጠርተን ስለነበር ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም ሞልቼ ስንግ አቀረብኩ። አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ግማሹን ነክሰው ዝም አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ጋሼ፣ ውሃ ላምጣ?» ስላቸው መናገር አቅቷቸው በእጃቸው ብቻ ምልክት ሰጡኝ። እናቴ ጓዳ ገብታ እየሳቀች «ዘር ከልጓም ይስባል» አለች።

የሆነው ይህ ነው። ንቧ ከሚጥሚጣው አበባ ወደ ቃሪያው ብናኝ አመላልሳለች። በዚያው ዓመት የፍሬው ጣዕም አይለወጥም። ለውጡ ያለው ዘሩ ውስጥ ነው፤ የሚወጣውም በሚቀጥለው ዓመት ነው። ለዚህ ነው ሰው ሳያውቀው የሚያዘው። አሁን ለዘር የመረጥኩትን የቃሪያ ቅርንጫፍ፣ አበባው ሳይፈነዳ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ እሸፍነዋለሁ። ነጠላ ስስ ስለሆነ አየርና ብርሃን ያሳልፋል፤ ንብ አያስገባም። ቃሪያ በራሱ ብናኝ ማፍራት ስለሚችል በቀን አንዴ ቅርንጫፉን ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል። ፍሬ መቋጠሩን ሳይ ነጠላውን አነሳና ያንን ፍሬ በክር ምልክት አደርግበታለሁ። ቲማቲም፣ ሰላጣና ቦሎቄ ይህን ያህል አያደክሙም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከራሳቸው አበባ ነው የሚያፈሩት።

ዱባ ሁለት ዓይነት ከሌላችሁና ጎረቤትም ካልተከለ ችግር የለም። ካለ ግን እጅ ያስፈልጋል። ነገ የምትፈካዋን እንስት አበባ፣ ከሥሯ ትንሽ ዱባ ያላትን ማለቴ ነው፣ ማታውኑ አፏን በክር አስራለሁ። ወንዱንም እንዲሁ። ጠዋት ወንዱን ቀጥፌ፣ ቢጫ ቅጠሉን ገፍፌ፣ እንስቷ ውስጥ እቀባና መልሼ አስራታለሁ። ዱባው ደርሶ ከተቆረጠ በኋላም ወዲያው አልፈልጠውም። ሦስት አራት ሳምንት ሲቀመጥ ውስጡ ያለው ዘር ይበልጥ ይሞላል።

በቆሎን ተውት። በቆሎ የሚዳቀለው በነፋስ ነው። የአዳማን ነፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ኮረብታው ላይ ያ ሁሉ የነፋስ ተርባይን የቆመው በከንቱ አይደለም። ከሦስት ግቢ ማዶ ያለ በቆሎ እናንተ ጓሮ ይገባል። ከአምስት ስድስት አገዳ ብቻ የተያዘ ዘርም በጥቂት ዓመት ውስጥ እየደከመ ይሄዳል።

አሁን ወደ ቲማቲሟ ልመለስ። ለስለስ እስክትል ግንዷ ላይ ትቆያለች። ከዚያ ቆርጬ ዘሩን ከነውሃው ብርጭቆ ውስጥ እጨምቃለሁ። ዘሩን የሸፈነው ልጋግ ዘሩ ፍሬው ውስጥ እያለ እንዳይበቅል የሚከለክለው ነው። እሱን ለማስለቀቅ መቡካት አለበት። ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጌ፣ በጨርቅ ሸፍኜ ጥላ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ሰው ሦስት ቀን ይላል፤ የኛ ሙቀት በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። በቀን አንዴ ማማሰል ነው። ላዩ ነጭ ሻጋታ ሲይዝና አረፋ ሲያወጣ ደርሷል። ሽታው የከረመ ድፍድፍ ነው። ባለቤቴ በየዓመቱ «ዘንድሮም ጠላ ጠመቅሽ?» ይለኛል። አንድ ጊዜ ረስቼው ስድስት ቀን ቆየና እዚያው ብርጭቆው ውስጥ አቆጠቆጠ። ሲደርስ ውሃ ጨምሩበት። ደህናው ዘር ወደ ታች ይወርዳል፤ ባዶው ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈውን ከነቆሻሻው ድፉት። የቀረውን በሻይ ማጥለያ ላይ የጠራ ውሃ እስኪወርድ እጠቡት።

ከዚህ በኋላ ያለው ማድረቅ ነው። ዘር የሚጠፋው ከጓሮው ይልቅ ቤት ውስጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እኔ ሁለት ጊዜ አጥፍቻለሁ፤ በሁለት ተቃራኒ መንገድ።

መጀመሪያ ቸኮልኩ። በሚያዝያ ፀሐይ በብረት ትሪ ዘርግቼ የሰርቪሱ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አወጣሁት። በግማሽ ቀን ክው ብሎ ደረቀ። ደስ አለኝ። ሲዘራ ግን አንድም አልበቀለም፤ ትሪው ላይ በቁሙ ተቆልቷል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። ዘር ከ35 ዲግሪ በላይ ባይሞቅ ይመረጣል። እኩለ ቀን ላይ ያለ ቆርቆሮ ደግሞ እጅ አያስነካም።

በሚቀጥለው ዓመት ፈራሁና ጥላ ውስጥ ሶፍት ላይ ዘረጋሁት። ሶፍቱ ከዘሩ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። በሦስተኛው ቀን ላዩን ሲደርቅ አይቼ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩት። ወሩ ሳይሞላ ሻገተ። ላዩ የደረቀ ዘር ውስጡ ገና ነው።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ቲማቲምና ቃሪያ በሸክላ ሳህን፣ ቦሎቄና ዱባ በሰፌድ፣ በረንዳው ጥላ ላይ ነፋስ እንዲያገኘው ይዘረጋል። ትንንሹ ዘር ላይ ነጠላ ጣል አድርጌ ዳርና ዳሩን በድንጋይ እይዘዋለሁ፤ ያለዚያ ነፋሱ አንስቶ ጎረቤት ይዘራዋል። ጠዋት ጠዋት አገላብጠዋለሁ። ማታ ወደ ቤት ይገባል። እንዲህ እያልኩ አሥር ቀን፣ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ይህ ሁሉ የሚቀለው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ነው። ስለዚህ ለዘር የማስበውን ተክል ፍሬው በዚያ ጊዜ እንዲደርስ አስልቼ ነው የምተክለው። በነሐሴ የደረሰ ዘር ጣጣው ብዙ ነው።

መድረቁን ለማወቅ የዱባ ዘር አጥፉት፤ ከተቀነጠሰ ደርቋል፣ ከተጣጠፈ ይቀረዋል። ቦሎቄ በመዶሻ ሲመታ መፈረካከስ አለበት፤ ከተጨፈለቀ ወደ ሰፌዱ ይመለስ። ሌላም ዘዴ አለ። ጨው ምጣድ ላይ አመስ አድርጋችሁ አቀዝቅዙት። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ ጨውና ቦሎቄውን ጨምራችሁ ነቅንቁት፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ እዩት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እርጥበት አለው። በኔ ቤት ይህ ጨዋታ የልጆቹ ሥራ ነው።

የዘር ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አንድ ግምታዊ ሕግ አለ። ከዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በአንድ ፐርሰንት ሲቀንስ ዕድሜው እጥፍ ይሆናል። የሚቀመጥበት ሙቀት በ5 ዲግሪ ሲቀንስም እንደገና እጥፍ። አዲስ አበባ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የጂን ባንክ፣ የአገሪቱ የዘር ማከማቻ ማለት ነው፣ የሚሠራውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ያደርቃል፣ ቀጥሎ ከዜሮ በታች ያቀዘቅዛል። ሳይደርቅ ፍሪጅ የገባ ዘር ወይ ይሻግታል፣ ወይ ፍሪዘር ከሆነ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ይገድለዋል።

የማስቀምጠው ክዳኑ በደንብ በሚገጥም የማርማላታ ጠርሙስ ነው። እያንዳንዱ ዘር በየወረቀቱ ይታጠፍና ሁሉም አንድ ጠርሙስ ውስጥ ይገባሉ። ከሥሩ ምጣድ ላይ ታምሶ የቀዘቀዘ ሩዝ በጨርቅ ቋጥሬ አደርጋለሁ፤ የተረፈ እርጥበት ካለ ይመጥጣል። ከዚያ ፍሪጅ፣ ታችኛው መደርደሪያ። መብራት ቢጠፋም ጠርሙሱ ተዘግቶ እስካለ ድረስ አልጨነቅም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ። ከፍሪጅ እንዳወጣችሁ አትክፈቱት። እንደተዘጋ የክፍሉን ሙቀት ይልመድ፤ ያለዚያ አየሩ ዘሩ ላይ ጤዛ ይሆናል። ፍሪጅ ከሌለ ከቤቱ ቀዝቃዛ የሆነውን ጥግ ፈልጉ። ወጥ ቤት አይሁን፤ እንፋሎትና ሙቀት አይለየውም።

ቦሎቄ ለብቻው ታሪክ አለው። ንጹሕ፣ የሚያብረቀርቅ ቦሎቄ አንድ ጠርሙስ ሙሉ አስቀምጬ በመጋቢት ስከፍተው ዱቄትና ቀዳዳ ነበር። ክዳኑ ጥብቅ ነው፤ ነቀዙ ከየት ገባ? አልገባም፤ አብሮ ነው የታሸገው። ቦሎቄው ገና ጓሮ ውስጥ እያለ እንቁላሉን ይጥልበታል። አሁን በደንብ ከደረቀ በኋላ ከነጠርሙሱ አንድ ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ አሳድረዋለሁ። እናቴ ይህን ስትሰማ ትስቃለች። የእሷ መድኃኒት የተነፋ የእንጨት አመድ ነው፤ ቦሎቄው በአመዱ እስኪዋጥ ቀላቅላ ቅል ውስጥ ታስቀምጠዋለች። አመዱ ነቀዙን ያደርቀዋል፣ መላወሻም ያሳጣዋል። ሁለቱንም ሞክሬያለሁ፤ ሁለቱም ይሠራሉ። ለመብል ከሆነ ግን አመዱን ማጠብ ይሰለቻል።

ሰላጣ ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረኝ። በመጋቢት ዘርቼ አልበቀለም። ዘሩ ሞቷል ብዬ አብዛኛውን ደፋሁት። ወረቀቱ ውስጥ የቀረችውን ጥቂት በጥቅምት ስዘራት ግጥም ብላ በቀለች። የሰላጣ ዘር አፈሩ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ አይበቅልም፤ ይተኛል። አሁን በሙቀት ወቅት መዝራት ካማረኝ፣ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልዬ ሁለት ቀን ፍሪጅ አሳድረውና ማታ ጥላ ቦታ እዘራዋለሁ። ያንን የደፋሁትን ሳስብ አሁንም ያናድደኛል።

ጎመን ቀላል ነው፤ ዘሩን የያዘው ቅርፊት ቢጫ ሲሆን ከነግንዱ ቆርጣችሁ በወረቀት ከረጢት ውስጥ ዘቅዝቃችሁ ስቀሉት። እስኪደርቅ ጓሮ ከተዋችሁት ወፍ ይጨርሰዋል። ካሮትና ጥቅል ጎመን በዚህ ሙቀት አትሞክሩ። ለማበብ ለሳምንታት የሚቆይ ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ፤ እኔ ካሮት ዓመት ሙሉ ጠብቄ ያገኘሁት እንጨት የሆነ ሥር ነው። የእነሱን ዘር እገዛለሁ። ሽንኩርት ይቻላል፤ ምርጥ ኮረቱን፣ የምንበላውን ራሱን ማለቴ ነው፣ መስከረም ጥቅምት ላይ መልሶ መትከል ነው። ግን ዘሩ ዕድሜው አጭር ነው፤ ያለ ፍሪጅ ከዓመት በኋላ አትመኑት። ያ ሱቅ ሁለት ዓመት ያለፈበትን ሲሸጥልኝ ምን እንደሸጠልኝ አሁን ይገባኛል።

ወረቀቱ ላይ ስምና ዓመተ ምሕረት ጻፉ። በእርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ ይለቃል። የጎመንና የሰናፍጭ ዘር መልካቸው አንድ ነው። «አልረሳውም» ብዬ ሁለቱን ያለ ስም ያስቀመጥኩበት ዓመት ጎመን ስጠብቅ ሰናፍጭ በላን።

ግንቦት ሲያልቅ፣ ክረምቱ ሳይገባ ጠርሙሶቹን አውጥቼ እፈትናለሁ። ከየወረቀቱ አሥር አሥር ፍሬ ቆጥሬ እርጥብ ጨርቅ ላይ አደርግና ጠቅልዬ ሳህን ላይ አስቀምጣለሁ። ጨርቁ እንዳይደርቅ በየቀኑ አያለሁ። በሳምንት፣ ቃሪያ ከሆነ በሁለት ሳምንት እቆጥራለሁ። ዘንድሮ ቲማቲሙ ከአሥሩ ዘጠኝ በቀለ። የቃሪያው ሰባት። የአራት ዓመቱ ጎመን አምስት ብቻ ስላወጣ እጥፍ አድርጌ ዘርቼዋለሁ። የሁለት ዓመት ሽንኩርት ዜሮ ወጣ። እሱን ለዶሮዎቹ በተንኩት፤ እነሱም አልፈለጉትም።